ሲስተር ብርሃኔና መነኻሪያው ላይ የተሰቀለው ፊቴ

የሲስተር ብርሃኔን ሞት የሰማሁት ከበቆጂ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሳጉሬን እንዳለፍን አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ስልኳ ጠራ። «ውይ! መቼ? ኧረ ተይ... ተቀበረች በይኛ!» አለች። ስልኩን ዘጋችና ወደ እኔ ዞረች።

«እናቴ፣ አሰላ ያለችውን አዋላጅ፣ ሲስተር ብርሃኔን ያውቋት ነበር? ትናንት ቀበሯት አሉ።»

«አላውቃትም» አልኳት።

ሃያ ስድስት ዓመት አጥር ለአጥር አብሬያት የኖርኩትን ሰው ነው አላውቃትም ያልኩት። ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። ሴትየዋ ምን ታውቃለች፤ «ሁለቱንም ልጆቼን ያዋለደችኝ እሷ ናት» ብላ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ለሁለት ምጥ ብቻ ያወቀቻት ስታለቅስላት እኔ ጎረቤቷ በመስኮት የስንዴ ማሳ አያለሁ። ያን ጊዜ ነው ይህን ነገር ካልጻፍኩት አይለቀኝም ያልኩት።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ድሮ በዘመቻ ጊዜ ነው፣ ከከተማ የመጡ ወጣቶች ዛፍ ሥር ሰብስበውን። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ቢኖር ለልጆቼ ደብዳቤ ነው። ስለዚህ ጽሑፌ ከወሬ ባይለይ አትፍረዱብኝ። ወሬዬም እንደ እግሬ ነው፤ ዞሮ ዞሮ ነው የሚደርሰው።

ሲስተር ብርሃኔ የወሎ ሰው ናት። ገና በልጅነቷ ነርስ ሆና ጎበሳ ተመደበች፤ ከጎበሳ በቆጂ፣ ከበቆጂ አሰላ። እዚሁ አርጅታ እዚሁ ጡረታ ወጣች። «ወደ አገርሽ ለምን አትመለሽም?» ሲሏት «እዚህ ያዋለድኳቸው ልጆች ገና ወልደው አልጨረሱም» ትላለች። አጭር፣ ቀጭን፣ ችኩል ነበረች። ስትራመድ የሆነ ነገር ያመለጣት ነው የሚመስለው፤ የበቆጂ ልጆች ሩጫን የተማሩት ከእሷ ነው እያልን እንቀልድባት ነበር። ኦሮምኛን እዚሁ ከተወለድነው ከእኛ ይበልጥ ታውቀዋለች፣ ግን የወሎ ዜማ አለው። ገበሬዎቹ ሆን ብለው ያስወሯትና ይስቃሉ። እሷም አብራ ትስቃለች።

ሰላምታዋ እጅ ማየት ነበር። ሌላው ሰው ይሳሳማል፣ እሷ «እጅሽን አሳይኝ» ትላለች። ጥፍርሽ አድጎ ካገኘችው ከኪሷ መቀስ አውጥታ እዚያው መንገድ ላይ ትከረክመዋለች። ክርስትና ሊያነሡ የመጡ ቄስን እንኳ «አባቴ፣ ጥፍርዎን» ብላቸዋለች። ቄሱም ከመቆጣት ይልቅ አፍረው እጃቸውን ሰጧት። እኔን ስታገኘኝ ደግሞ በየቀኑ ነው። «አንች እግረ ቀላል፣ ዛሬ ደግሞ ከየትኛው አገር አፈር ይዘሽ መጣሽ?» ብላ እጄን ገልብጣ ታያለች።

ሌላው ነገሯ «እናቲቱስ?» ማለቷ ነው። እገሊት ወለደች ሲባል ሰው ሁሉ ወንድ ነው ሴት ነው የሚጠይቀው። እሷ መጀመሪያ «እናቲቱስ?» ትላለች። እናቲቱ ደህና ናት እስኪሏት ድረስ እልል አትልም። አንድ ሰርግ ላይ የሙሽራዋ እህት መንታ መገላገሏ ተነግሮ ቤቱ በእልልታ ሲናወጥ፣ እሷ ብቻዋን ቆማ «እናቲቱስ?» ስትል አስታውሳለሁ። አያችሁ፣ ማስታወስስ አስታውሳለሁ።

ደግሞ የሚነበብ ነገር አታልፍም። የመድኃኒት ወረቀት፣ የሳሙና መጠቅለያ፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ ሁሉንም መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች ታነባለች። «ጽሑፉ ሲያንስ ዓይንን ማስፋት ነው» ትላለች።

ጡረታ ከወጣች በኋላ ሥራዋ በስልክ ሆነ። በየገጠሩ ያሉ ነፍሰ ጡሮች ቁጥሯን ይቀባበላሉ። ቤቷ ግድግዳ ላይ በሚስማር የተንጠለጠለ ደብተር ነበራት፤ የሴቲቱ ስም፣ መንደሯ፣ የምትወልድበት ወር ይጻፍበታል። ሲጨንቃቸው ይደውሉላታል፣ እሷ ትሰማለች፣ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ትነግራለች፣ ከባሰም አምቡላንስ የምትጠራው እሷ ናት። ሹፌሮቹ ድምፅዋን ያውቁታል፤ ስለሚፈሯት ቶሎ ይነሣሉ። «ምጥ ቀጠሮ አያውቅም፤ ስልክ ካለ ግን ይደረስበታል» ትል ነበር።

እንግዲህ ወደ ኃጢአቴ ልምጣ።

እግሬ አንድ ቦታ አያርፍም ብያለሁ። እህቴ ሁሩታ ናት፣ ልጄ በቆጂ፣ የክርስትና ልጄ ጎበሳ፤ ሳምንት በቤቴ ከርሜ አላውቅም። የሚኒባስ ረዳቶች ሁሉ «እማማ አስካለ፣ ዛሬስ ወዴት?» ይሉኛል። የማያውቀኝ የለም። ለዚህ ነው ቤቴ የመጡት።

ይዟቸው የመጣው አቶ ግርማ ነው፣ በከተማው የአንድ ስልክ ድርጅት ወኪል። የእድራችን ሊቀመንበርም ነው። ሁለት ወጣት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ካሜራ ይዘው ከአዲስ አበባ መጥተዋል። ደስ የሚሉ ልጆች ናቸው። ዳቦ ቆረስኩላቸው፣ እርጎ አቀረብኩላቸው፣ ጥርግ አድርገው በሉ። ከዚያ ልጅቷ አዲስ ነጠላ አለበሰችኝና አዲስ ስልክ በእጄ ሰጠችኝ።

«እማማ፣ ልጅዎን እያዋሯት እንደሆነ አድርገው ይሳቁ።»

ታናሽ ልጄ ጋምቤላ ናት፣ በሥራ። ጆሮዬ ላይ ባደርገው ስልኩ ጭጭ ነው።

«ኧረ ልጄ፣ ይኼ አይናገርም።»

«ግድ የለም፣ እርስዎ ብቻ ያውሩ።»

ለባዶ ስልክ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ላሟ አወራሁ። እነሱ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ የምለውን ነገሩኝ። «ልጄን ወሩን ሙሉ በነፃ አዋራኋት!» ይበሉ አሉኝ።

«አላዋራኋትም እኮ።»

«ያዋሯታል እማማ። ነገ ያዋሯታል። ዛሬ ቢሉት ምን አለበት?»

ሁሉም ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለዋል። አቶ ግርማ በሩ ጋ ቆሞ ይቁነጠነጣል። ስንት አገር አቋርጠው የመጡ ልጆች ናቸው፣ እንጀራዬን የበሉ ናቸው። አልኩላቸው።

ከወር በኋላ መነኻሪያው በር ላይ ፊቴ ቤት አክሎ ተሰቀለ። «እናት ጥቅል» ይላል። «ካርድ ይሙሉ፣ አንድ የሚወዱትን ሰው ይምረጡ፣ ወሩን ሙሉ በነፃ ያውሩ!» መኪናም በድምፅ ማጉያ የእኔን ድምፅ እያሰማ በየገበያው ዞረ፤ ጎበሳ ገበያ፣ ሁሩታ ገበያ። ለኦሮምኛው ሌላ ሴት ተናገረችልኝ፣ ፊቱ ግን የእኔው ነው። እውነቱን ልናገር፣ ኮርቼ ነበር። ረዳቶቹ «እማማ፣ ይግቡ፣ የእርስዎ ነገር ሁሉ በነፃ ነው!» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ እስቅ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሲስተር ደብተሯን በብብቷ ይዛ መጣች። እጄን እንኳ ሳታይ ነው ወደ ነገሯ የገባችው።

«አስኩዬ፣ ይኼ ያንች ጥቅል እውነት ይሠራል?»

«የቱ?»

«ፊትሽ የተሰቀለበቱ ነዋ! ነፍሰ ጡሮቼን ሁሉ እሱን አስሞልቼ የኔን ቁጥር ላስመርጣቸው ነው። ባዶ ስልክ ይዘው እየተቀመጡ ተቸግሬአለሁ። ወሩን ሙሉ በነፃ ነው?»

ያኔ እንግዳ አልነበረም። ካሜራ አልነበረም። ከሷና ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም። አልሞከርኩትም ማለት ይቻለኝ ነበር። ግን ከተማው ሙሉ ሞከርኩት ስል ሰምቶኛል፤ አሁን ለሷ ደርሼ አልሞከርኩትም ልበላት?

«ይሠራል» አልኳት።

«ወሩን ሙሉ?»

«ወሩን ሙሉ።»

«እንግዲያስ አንች ካልሽ» አለችና ሄደች። ያን ሳምንት ደብተሯ ላይ ላሉት ሁሉ ደወለች። አስካለ ሞክራዋለች፣ አስካለ አትዋሽም፣ እያለች።

ከድጃ የምትባል ሴት ነበረች፣ ከጎበሳ በላይ ካለ የደጋ መንደር። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው። ባሏ ጥቅሉን ሞላላት፣ የሲስተርን ቁጥር መረጡ። የነፃ ስልክ ካላቸው ሌላ ካርድ ለምን ይግዙ? አልገዙም። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ከድጃ ወገቧን አመማትና ደወለች። ሲስተር በእርጋታ ጠየቀቻት፣ «ገና ነው፣ ውሃ ጠጪ፣ ጋደም በይ፣ ከተለወጠብሽ ወዲያው ደውይ» አለቻት። ባሏም ገና ነው ስለተባለ ወደ ገበያ ወረደ። ቀትር ላይ ደም መጣባት። ደወለች። ስልኩን ያነሣችው ሌላ ሴት ናት። በአማርኛ ረጋ ብላ «ቀሪ ሂሳብዎ በቂ አይደለም» ትላለች። ከድጃ አማርኛ አታውቅም። የሲስተር ሰው መሰለቻት። ደሙን ነገረቻት። መንደሯን ነገረቻት። ሴትየዋ ተናግራ ትዘጋለች፤ እሷ ደግማ ትደውላለች፣ ደግማ ከመጀመሪያው ታስረዳታለች። ባሏ ከገበያ እስኪመለስ ስትነግራት ዋለች።

እናቲቱ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም።

ሲስተር ይህን ስትሰማ ወደዚያው ወጣች። በሦስተኛው ቀን ስትመለስ በቀጥታ የሄደችው መነኻሪያ ነው። ከጎሚስታው አሮጌ ጎማ ለምና፣ እሱ ላይ ቆማ፣ መነጽሯን አድርጋ ከፊቴ ሥር ያለውን ደቃቃ ጽሑፍ አነበበች። «በቀን ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች» ይላል። ከአገጬ በታች፣ ከነጠላው ጥለት ጋር በሚመሳሰል ቀለም ነው የተጻፈው። ከዚያ ጭቃ በጭቃ በሆነ ጫማዋ ቤቴ ገባች።

«ሦስት ደቂቃ» አለች። «ጠዋት ገና ነው እያልኩ የጨረስኩባት እኔ ነኝ። ሳላነብ ሰው እጅ ላይ መድኃኒት አስቀምጨ አላውቅም። ይኼን ግን ያንችን ፊት አይቸ አላነበብኩትም።»

ያኔ ነገርኳት። ስልኩ ባዶ እንደነበር፣ አንድም ቀን ልጄን እንዳላዋራሁበት፣ ይሠራል ያልኳትም ዝም ብዬ እንደሆነ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ተነሥታ ጓሮ ወዳለው ቧንቧ ሄደች፣ እጇን ታጠበች። ለረጅም ጊዜ ታጠበች። ተመልሳ ቆማ፣ ውሃው ከጣቷ እየተንጠባጠበ፣ እንዲህ አለችኝ፦

«ልከሳቸው ነው። ገንዘብ አይደለም የምፈልገው፤ ያን ፎቶ እንዲያወርዱና በዚያው መኪና፣ በዚያው ማጉያ ውሸት ነበር ብለው በየገበያው እንዲናገሩ ነው። በሌላ መንደር ሌላ ከድጃ አለች። ይኼን ለኔ ያልሽኝን ዳኛ ፊት ትይዋለሽ?»

«እላለሁ። በማርያም» አልኳት።

ክሱን ራሷ በእጇ ጻፈችው። ሰው ሳቀባት፤ ድርጅቱ ከአዲስ አበባ ጠበቃ ይልካል፣ አንቺ ማን አለሽ አሏት። «አስካለ አለችልኝ» አለቻቸው። በመጀመሪያው ቀጠሮ ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ የድርጅቱን ጠበቃ ስታገኘው «ልጄ፣ እጅህን አሳየኝ» አለችው። ግራ ገብቶት ዘረጋላት። ገልብጣ አየችና «ንጹሕ ነው» አለችው። «የሚገርመኝ እሱ ነው።» ኮሪደሩ በሙሉ ሳቀ፣ ጠበቃውም ጭምር።

የምስክርነቱ ቀን ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ሽማግሌዎች መጡብኝ። ሦስት ናቸው፣ አቶ ግርማ ከኋላቸው። ካፊያ ነበር። ፊተኛው አቶ ወልዴ ናቸው፣ ባሌ ሲሞት አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ።

«ግቡ እንጂ! ምን ዝናብ ላይ ያቆማችኋል?»

«እሺ ሳትይን አንገባም።»

«ነገሩን ሳልሰማ?»

«ሰምተሽ እሺ ካልሽማ ሽማግሌ ምን ያደርጋል!» አሉና ሳቁ።

እኛ ዘንድ ሽማግሌ እንዲህ ነው። እሺ እስኪባል አይቀመጥም፤ የቆመ ሽማግሌ መመለስ ደግሞ ነውር ነው። ውሃው ከባርኔጣቸው ጠርዝ ይወርዳል። ለምን እንደመጡ ልቤ ያውቃል። ቢሆንም «እሺ፣ ግቡ» አልኩ። ሁለቱን ቃል አንድ ላይ ስላልኩት ለመግባት ብቻ ነው እሺ ያልኩት ብዬ ራሴን ላታልል ሞክሬ ነበር። እነሱ ግን አንዱን ይዘው ገቡ።

«ዋሺ አንልሽም» አሉ አቶ ወልዴ ከተቀመጡ በኋላ። «ውሸት ኃጢአት ነው። ብቻ ስትጠየቂ አላስታውስም በይ። በዚህ ዕድሜ ማን ሁሉን ያስታውሳል? ይህ ልጅ፣ ግርማ፣ ሱቁ ይዘጋበታል።»

አቶ ግርማ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመኝ። «ልጆቼን ያውቋቸዋል፣ እማማ» አለ። የከድጃን ልጅ የሚያውቀው አልነበረም። ይህን ያሰብኩት ዛሬ ነው፤ ያኔ አንገቴን ብቻ ደፋሁ።

ሲስተር ዘንድ ሄጄ የሆነውን ልንገራት አልኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ልሄድ ተነሥቼ ተቀመጥኩ።

ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በኦሮምኛ ነው። እኔ ኦሮምኛ እችላለሁ፣ ከአማርኛው እኩል ነው ያደግኩበት። ግን በአማርኛ ነው የምመሰክረው አልኩ፣ አስተርጓሚ ቆመልኝ። ቃሌ በሌላ ሰው አፍ ሲወጣ የሚቀልልኝ መስሎኝ ነበር። ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ከድጃ ተቀምጣለች፣ ሻርፗን እስከ ግንባሯ ስባ። ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም፤ በዓይኗ አወቅኳት።

ዳኛዋ ወጣት ናት። ፎቶውን አሳዩኝ።

«እማማ፣ ይህ እርስዎ ነዎት?»

«እኔን ይመስላል።»

ሰው ሳቀ። ዳኛዋ ዝም አስባለቻቸው። ከዚያ ሲስተር እንድትጠይቀኝ ተፈቀደላት። ተነሥታ «እማማ አስካለ» አለችኝ። በዘመኗ እንዲያ ጠርታኝ አታውቅም፤ አንቱ ብላኝም አታውቅም።

«በዚህ ስልክ ልጅዎን አዋርተዋት ያውቃሉ?»

«አላስታውስም።»

«ፎቶውን ሲያነሡዎት ስልኩ ይሠራ ነበር?»

«አላስታውስም።»

መነጽሯን አወለቀች፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፣ መልሳ አደረገችው። ገና ተስፋ አልቆረጠችም ነበር፤ ይህን ነው የማልረሳው። ፊቴን እያየች፣ ምጥ ላይ ያለችን ሴት አይዞሽ አሁን ይወጣል እንደምትላት ሁሉ፣ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦

«ቤትዎ ስመጣ እውነቱን ነግረውኛል። ምን ብለው ነበር?»

«አላስታውስም።»

አስተርጓሚው ይህን ሦስተኛውን ሲናገር ድምፁ ዝቅ አለ። ለከድጃ ግን ደርሷታል። ጠበቃው፣ የሦስት ደቂቃው ገደብ በጽሑፍ ተገልጿል፣ ፎቶው ላይ ያሉት እናትም ሐሰት ተናገርኩ አላሉም አለ። ከሌላ ቀጠሮ በኋላ ክሱ በማስረጃ አልተረጋገጠም ተብሎ ተዘጋ። ፊቴም እንደተሰቀለ ቀረ።

የመሰከርኩ ዕለት ስወጣ አሰላ በዝናብ ታጥባለች። በኋላ በር በኩል ልሸሽ ስል ሲስተር በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ጃንጥላዋን ከፈተች፣ ክንዴን ያዘች። መንገዱ ቁልቁለትና ጭቃ ነው፤ እንዳልወድቅ ደግፋኝ ሄድን። ቤቴ በር ስንደርስ «ለሰውነት ሁሉ መድኃኒት ፈልጌልሽ አውቃለሁ» አለችኝ። «ለዚህ ግን የለኝም፣ አስኩዬ።» ስድብ አልነበረም። በሽታውን ያወቀ ሐኪም እንደሚናገረው ነው የተናገረችው።

ከዚያ በኋላም ሰላም አላቋረጠችኝም። በአጥር ላይ እንደምን አደርሽ ትለኛለች፣ ጉንፋን ሲይዘኝ ዝንጅብል በእህል መስፈሪያ ልካልኛለች። ግን እጅሽን አሳይኝ ብላኝ አታውቅም። አንድ ቀን ሆን ብዬ ጥፍሬን አሳድጌ አጥሩ ላይ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። አየችው። «ዝናቡ ዛሬም ይመጣል መሰለኝ» አለችና ገባች።

ይግባኝ ልትል አዳማ ድረስ ትመላለስ ነበር። ልቧ ታሞ እንደነበር አሁን ነው የሰማሁት፤ ለማንም አልተናገረችም። እኔ ደግሞ እሷን ላለማየት በቆጂ፣ ሁሩታ፣ ጎበሳ፣ ከመቼውም በላይ ዞርኩ። ሰው «እማማ አስካለ ዘንድሮስ ክንፍ አወጡ!» ይለኛል። ስትሞትም በቆጂ ነበርኩ።

ከለቅሶዋ ተነሥቼ በማግስቱ ፍርድ ቤት ሄድኩ። መዝገብ ቤት የተቀመጠውን ልጅ «ቃሌን መለወጥ እፈልጋለሁ፣ ያኔ አላስታውስም ያልኩት ሐሰት ነው» አልኩት። ፋይሉን ፈልጎ አወጣ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ወንበር ሰጠኝ።

«እማማ፣ መዝገቡ ተዘግቷል። ይግባኙም ሳይከፈት ከሳሿ አርፈዋል። አሁን ይህን ለማን ብዬ ልጻፈው?»

ለማን እንደሆነ መንገድ ላይ ስደርስ ገባኝ። በሚኒባስ ጎበሳ ድረስ፣ ከዚያ ባጃጅ እስከሚሄድበት፣ የቀረውን በእግሬ ወጣሁ። እግሬ መቼም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደሚገባው ቦታ ሄደ።

ከድጃ ደጇ ላይ ገብስ እያበጠረች ነበር። ቀና ብላ ስታየኝ ሰፌዱ በእጇ ቀረ። ማን ነሽ አላለችኝም። ይህንን ፊት የማያውቀው የለም። በርጩማ አወጣችልኝ፣ ወተት ሰጠችኝ፤ ወተቱ በእጄ እንዳለ በኦሮምኛ ሁሉን ነገርኳት። እስክጨርስ ገብሱን አልነካችም።

«ይህን ለእኔ ልትነግሪ ነው የመጣሽው?»

«ለአንቺ ነው።»

«ያን ጥቅል የሞላሁ እኔ ብቻ አይደለሁም፣ አዴ» አለችኝ፤ እናቴ ማለቷ ነው። «በዚህ መንደር ፊትሽን ያየ ሁሉ ሞልቷል። እስከ ዛሬም የሚሞሉ አሉ።» ተነሣች። «ቁጭ በይ። ልጥራቸው።»

ወደ አጥሩ ሄዳ ተጣራች። ከአንዱ ቤት ለሌላው ተቀባበሉት። መጡ፤ ወጣቶቹ ልጅ ያዘሉ፣ ባልቴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው። ሲንቄ የአርሲ ሴት ስትዳር ከእናቷ የምትቀበላት ቀጭን ዘንግ ናት። ሴት ስትበደል ሴቶቹ እሷን ይዘው ይወጣሉ። በሚስቱ ላይ የከፋ ባል በዚህች ዘንግ ፊት ሲንበረከክ አይቻለሁ፤ በሴት ላይ ስትወጣ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ከበውኝ ተቀመጡ። ከድጃ ተናገሪ አለችኝ፣ ተናገርኩ። ከዚያ ጥያቄው ከየአቅጣጫው መጣ።

«በዚያ ስልክ ልጅሽን አላዋራሻትም?»

«አንድም ቀን አላዋራኋትም።»

«ገንዘብ ሰጡሽ?»

«ስልኩንና ነጠላውን ሰጡኝ። ለእሱ ብዬ ግን አይደለም።»

«አስፈራሩሽ?»

«ኧረ አላስፈራሩኝም።»

«ታዲያ ለምን አልሽው?»

ይህን ዳኛዋ አልጠየቀችኝም፣ ሲስተርም ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም ራሴን እንደዚህ ፊት ለፊት ጠይቄው አላውቅም።

«ቤቴ የገቡ እንግዶች ነበሩ» አልኩ። «ላሳፍራቸው አልፈለግኩም።»

ያን ሁሉ ጊዜ ተራራ አክሎ ሲከብደኝ የኖረው ነገር ከአፌ ሲወጣ ይህችን ያህል ነበር። ከኋላ በኩል፣ አንዲት በጣም ያረጁ ሴት መዳፋቸውን ከጆሯቸው ጋር አድርገው «ምን አለች? ለምንድን ነው አለች?» አሉ።

አጠገባቸው ያለችው ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት ከድጃ በእጇ ከለከለቻት። ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺው ንገሪያቸው» አለችኝ።

ተነሥቼ ቆምኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነገርኳቸው።